ማዕረግ አይወረስም

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የአያትን ስም ማወቅ መልካም ነው። አባቶቻችን እስከ ሰባት ቤት መቍጠርን ልማድ ያደረጉት ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ ነበር እንጂ ለትዕቢት መሰላል እንዲሆን አልነበረም። ዛሬ ግን በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ፣ በሠርጉም በልቅሶውም፣ «እኔ የደጃዝማች እገሌ የልጅ ልጅ ነኝ» እያለ ደረቱን የሚነፋ አይጠፋም። ይህ አባባል ባዶ መሆኑን በሦስት ነገር አስረዳለሁ።

አንደኛ፣ ማዕረጉ የሚወረስ አልነበረም። በፈረንሳይ አገር የመስፍን የበኵር ልጅ የአባቱን ማዕረግ ይወርስ ነበር። ያንንም ቢሆን ሕዝቡ በ1790 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሻረው፤ በኋላ የነገሡት ቢመልሱትም ዛሬ ከስም ጌጥነት በቀር መብት አያሰጥም። በእኛ አገር ግን የራስ ልጅ ራስ ሆኖ አይወለድም ነበር፤ «ልጅ እገሌ» እየተባለ ሹመት ይጠብቅ ነበር። ፊታውራሪ ማለት የፊት ጦር መሪ፣ ቀኛዝማች የቀኝ፣ ግራዝማች የግራ ማለት ነው። ታዲያ ጦር የማይመራ የልጅ ልጅ የማንን ፊት ሊቀድም ነው? የወሎው ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ ንጉሥ ተባሉ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱም በዚያው ዓመት ከሥልጣን ወረዱ። የገዛ ልጅን ያላዳነ ዘውድ ለአራተኛ ትውልድ ምን ይተርፋል?

ሁለተኛ፣ ቈጠራው ጐደሎ ነው። ወላጅ ሁለት፣ አያት አራት፣ ቅድመ አያት ስምንት ነው፤ እንዲህ እየተባዛ ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ይደርሳል። አንዱን ደጃዝማች የሚጠራ ሰው 127ቱን ደበቃቸው ማለት ነው። ከእነዚያ ውስጥ ገባሩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ አይጠፉም። ወንጌላዊው ማቴዎስ እንኳ የጌታን ትውልድ ሲቈጥር ረዓብን አልዘለላትም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ፉከራው ሰው ይጎዳል። በአያቱ ስም የሚኰራ ሁሉ የሚንቀው ሰው ይፈልጋል። ማረሻችንን የሚቀጠቅጥልንን፣ ድስታችንን የምትሠራልንን «ቡዳ» እንላለን፤ እህላቸውን እንበላለን፣ ልጃቸውን ግን አናገባም። በማስተምርበት ዘመን አንድ የቀጥቃጭ ልጅ በስሌት ከክፍሉ ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ከጎኑ የሚቀመጥ ቢያጣ ትምህርቱን ተወ። አገር በዚያ ቀን ምን እንዳጣች ማን ይቈጥራል? ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ምላሳችን ግን እስከ ዛሬ አልታዘዘም። አፄ ቴዎድሮስም በእናታቸው ድህነት ሲታሙ ኖረው በ1847 ዓ.ም. ነገሡ። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ጋፋት ላይ አሠርተው ወደ ጎረቤታችን ወደ መቅደላ ያስጐተቱት እሳቸው ናቸው። መድፍ የሚወጣው ከብረት ሠራተኛ እጅ እንጂ ከመኳንንት የዘር ቈጠራ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ አያታችሁ ማን እንደ ነበሩ ስትጠየቁ ስማቸውን በአክብሮት ንገሩ፤ ማዕረጋቸውን ግን ከእሳቸው ጋር በመቃብራቸው ተዉት። የቀጥቃጩ ልጅ አጠገብ ተቀመጡ። ቀጥሎ «አንተስ ምን ትሠራለህ? አንቺስ?» የሚል ይመጣልና፣ መልሱን ከአሁኑ አዘጋጁ።