የነዳጅ ዘይትና የጦር መሣሪያ ንግድ

አንድ መንግሥት የሚበቃውን ነዳጅ ከገዛ ምድሩ ያወጣ እንደ ሆነ በውጭ ፖለቲካው የማንንም ፊት አያይም፤ የጦር መሣሪያውንም ለወደደው ሸጦ ላልወደደው ይነሣል የሚል አሳብ ከተማሩ ሰዎች እንኳ ዘወትር ይሰማል። የአሜሪካና የሳዑዲ ዐረቢያ ታሪክ ግን ይህን አያረጋግጥም።

ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትና ንጉሥ አብዱልአዚዝ በስዊዝ ቦይ፥ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ የተገናኙት በኤውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1945 ነው፤ በዋዜማው በዚያችው መርከብ ከፕሬዚዳንቱ ጋር የተነጋገሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዘይቱ ለገበያ ይቀርባል፥ አሜሪካም የንጉሡን አገር ጸጥታ ትጠብቃለች የሚል መግባባት እየጸና ሄደ። በ1973 ግን አሜሪካ ለእስራኤል መሣሪያ ስላቀበለች የዐረብ አገሮች ዘይት ከለከሏት፤ የአንድ በርሜል ዋጋም ከ3 ዶላር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ክልከላው ያልታወጀባት ኢትዮጵያ እንኳ አልዳነችም፤ በ1974 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት በቤንዚን መወደድ ነበር።

ከዚያ በኋላ የዘይቱ ገንዘብ ወደ መሣሪያ ፋብሪካዎች ይመለስ ጀመር። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬጋን 5 የቅኝት አይሮፕላኖች ለሳዑዲ ሊሸጡ ሲነሡ እስራኤል በብርቱ ተቃወመች፤ ሽያጩን ለማገድ የቀረበው አሳብ ግን በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በ48 ለ52 ድምፅ ወደቀ።

አሜሪካ ዐለት በውሃ ግፊት እየሰነጠቀች ዘይት ማውጣትን አስፋፍታ፥ በ2018 ድፍድፍ ዘይት በማምረት ከዓለም አንደኛ ሆነች። ታዲያ ሽያጩ ቆመን? አልቆመም። በ2019 ምክር ቤቶቹ ለሳዑዲ የሚሄደውን መሣሪያ ሊያግዱ ቢወስኑ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ውሳኔውን ሻሩት። ፕሬዚዳንት ባይደን በ2021 በየመን ጦርነት ምክንያት የማጥቂያ መሣሪያ ቢከለክሉም፥ የዩክሬን ጦርነት ቤንዚኑን ባስወደደ ጊዜ በ2022 ራሳቸው ጅዳ ድረስ ሄዱ፤ በ2024 ክልከላው ተነሣ።

የቴክሳስ ጉድጓድ የኩባንያዎች ነው፤ ኩባንያውም ለአገሩ ልጅ ብሎ አያረክስም፥ የሚሸጠው በዓለም ዋጋ ነው። ምርቱን ፈጥኖ ከፍ ዝቅ ለማድረግ የሚቻለው ግን የሪያድ መንግሥት ነው። መሣሪያውም ቢሆን ዘይት ለማግኘት ብቻ አይሸጥም፤ ኢራንን ለመግታት፥ ገዢው ወደ ቻይና እንዳይዞር፥ የፋብሪካው ሠራተኛም ሥራ እንዳይፈታ ይሸጣል። የጦር አይሮፕላን የገዛ መንግሥት መለዋወጫውንና አስተማሪውን ለብዙ ዘመን ከሻጩ ይፈልጋልና፥ ይህ ገመድ ከዘይቱ ይልቅ የጠነከረ ይመስለናል።

የገዛ ዘይት ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። በ2018 ዋሽንግተን የኢራንን ዘይት ከገበያ ለማስወጣት የደፈረችው የራሷ ምርት በማደጉ ጭምር ነው። በዚያው ዓመት ግን ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምርቱን ያበዙላቸው ዘንድ ንጉሥ ሰልማንን ጠይቀዋል።