ጣሪያው ከዋሸ ሞዴሉ በሙሉ ዋሽቷል

በየአዳራሹ በመስታወት ሳጥን የሚቀመጡ የፕሮጀክት ሞዴሎችን አይታችኋል። ሐዲድ አለ፣ ጣቢያ አለ፣ በዙሪያው ከተማ አለ። ጣሪያው ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ንጹሕ ካርቶን። ባለሥልጣኑም ተማሪውም ሞዴልን የሚያየው ቆሞ ቁልቁል ነው። ቁልቁል ለሚያይ ሰው ከተማ ማለት ጣሪያ ነው። ሌላው ሁሉ ተሸፍኗል።

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያን መስመር ውሰዱ። 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው፤ ግንባታውን የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም ጀመረ። ሐዲዱ የይፋትን ቆላ አቋርጦ፣ በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። የኤሌክትሪክ አቅርቦት ሳይሟላለት ቆየ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ንብረቱ ተዘረፈ። ባቡሩን በሞዴል እንጂ በእውን ያላዩ ልጆች በመስመሩ ዳር አድገዋል። ታዲያ ሞዴሉ እንኳ የእነሱን ቤት በትክክል ማሳየት ያቅተው?

«አስቸጋሪ ነው» የሚል ሰበብ አይሠራም። በዓለም ላይ በብዛት በሚሠራበት የባቡር ሞዴል ልክ፣ ማለትም 1 ለ 87፣ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ 23 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የቆርቆሮው ሞገድ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። የ5 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርስ ርቀቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብሎኑን በፎይል ላይ ጫን አድርጎ ማንከባለል ሞገዱን ያወጣዋል። ከዚያ ፎይሉን በትንንሹ ቆርጦ፣ ከታች ወደ ላይ እያደራረቡ መለጠፍ ነው። አንድ ወጥ ጣሪያ የለንም፤ የእኛ ጣሪያ ቁርጥራጭ ነው። ዝገቱም በዘፈቀደ አይረጭም። ከሚስማሩ ቀዳዳና ከመደራረቢያው ይጀምራል፣ ውሃው በሄደበት ወደ አሸንዳው ይወርዳል። ለቀለሙ የተፈጨ ሸክላ ይበቃል። ነፋስ እንዳይወስደው የተጫነውን ድንጋይና አሮጌ ጎማ አትርሱ።

«ሞዴል ማማር አለበት፤ ዝገት ምን ያደርጋል?» ይሉናል። ዝገት ጌጥ አይደለም። የዛገ ቆርቆሮ ከአዲሱ የበለጠ የፀሐይ ሙቀት ይስባል። በሸዋ ሮቢት ቀትር፣ ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ የተቀመጠች እናት ይህን ለማወቅ መሐንዲስ አያስፈልጋትም። ዝገቱን ከሞዴሉ ያጠፋ ሰው የእሷን ሙቀት ከውይይቱ አጥፍቷል። በሾንኬ የሚኖሩት አርጎባዎች በድንጋይ ቤታቸው ላይ ጠፍጣፋ የአፈር ጣሪያ የሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወፍራም አፈር የቀኑን ሙቀት ያዘገያል። ይህም ጣሪያ በሞዴሎቻችን ላይ የለም።

አጣዬን ደግሞ አስቡ። በ2013 ዓ.ም ተቃጥላለች። እዚያ የሚያብረቀርቅ አዲስ ቆርቆሮ ስታዩ «ልማት» ብላችሁ አትለፉ፤ ከሥሩ የተቃጠለ ቤት ሊኖር ይችላል። ሁሉን ጣሪያ በአንድ ቀይ የቀባ ሞዴል፣ የተቃጠለውንም የተረፈውንም አንድ አድርጎ ታሪኩን ደምስሶታል።

ስለዚህ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችም፣ ሞዴል የምታሠሩ መሥሪያ ቤቶችም፦ ከካርቶኑ በፊት ወደ ቦታው ሂዱ፣ ከፍታ ላይ ወጥታችሁ ቁልቁል እዩ፣ ያያችሁትን ሥሩ። እናንተም ሞዴል ሲመረቅ ከማጨብጨባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህ የማን ጣሪያ ነው?»