የቻት ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

የዛሬው ጨዋታችን ፍቅርም አለበት፣ ኮምፒውተርም አለበት። ኮምፒውተር ሲባል ገጹን ልትገለብጡ ያሰባችሁ እስቲ ቆዩ! ነገሩ ዞሮ ዞሮ የቤት ቁልፍ ጉዳይ ነው፤ ቁልፍ ደግሞ ሁላችንንም ይመለከታል።

ደብዳቤውን የላከችልን የ24 ዓመት ወጣት ናት። ስሜ አይውጣ ስላለች ስሟንም ሰፈሯንም ትተነዋል። ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥረን እናቅርበው፦

«አሥራ አንድ ጓደኛሞች ነን፤ ኮሌጅ አብረን የጨረስን። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ቪፒኤን ማብራት ማጥፋቱ ሲሰለቸን፣ ከመሀላችን ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ ‹ለምን የራሳችን ቻት አይኖረንም?› አለ። ውጪ አገር ሰርቨር ተከራይቶ፣ ዶከር በሚሉት ነገር ማትሪክስ የሚባለውን ቻት ተከለና ሁላችንንም አስገባን። ኪራዩን ካናዳ ያለ የአክስቱ ልጅ በካርድ ይከፍላል። በኋላ እኔና ልጁ ፍቅር ጀመርን። ዓመት ከመንፈቅ አብረን ሆንን፤ ባለፈው ወር ተለያየን። መለያየቱስ የሚኖር ነው፤ አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ስለ እሱ ለሴት ጓደኛዬ የጻፍኩት ሁሉ ያለው እሱ ሰርቨር ላይ ነው። አንብቦት ይሆን? ደግሞ ሰሞኑን ተናዶ ‹ኮንቴይነሩን በአንድ ትዕዛዝ አጠፋዋለሁ› ብሏል አሉ። አምና በመኪና አደጋ ያጣነው ጓደኛችን የላከልን የድምፅ መልእክቶች ያሉት እዚያ ብቻ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ መጥቶብሻል። አንዱ የልብ ነው፣ ሌላው የማሽን። የልቡን ጊዜ ይፈታዋል፤ የማሽኑን ግን ጊዜ ያባብሰዋል። ስለዚህ ከማሽኑ እንጀምር።

«ኮንቴይነሩን አጠፋዋለሁ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

መንገድ ዳር ያሉትን የኮንቴይነር ሱቆች ታውቂያቸው የለ? መደርደሪያው፣ ባንኮኒው፣ አምፖሉ ሁሉ ተሟልቶ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ያወርዱታል፣ መብራት ይቀጥሉለታል፣ በቃ ሥራ ይጀምራል። የሶፍትዌሩም ኮንቴይነር እንዲሁ ነው። አንድ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ነገር ሁሉ ይዞ ይታሸግና የትም ሰርቨር ላይ ቢወርድ ያው ሆኖ ይሠራል። ዶከር እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ስሙ የገነነው ይህንን ሥራ ስላቀለለው ነው። ምልክቱም ኮንቴይነር የጫነ ዓሣ ነባሪ ነው።

ግን ልብ በይ፤ እንዲህ ያለ ኮንቴይነር የሚሠራው ሊጣል ነው። አዲስ እትም ሲወጣ አሮጌው ይጣልና አዲሱ ይተከላል። ውስጡ ያደረ ዕቃ ካለ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ዕቃውን ሱቁ ውስጥ አያሳድርም፤ ከጀርባው መጋዘን ያበጃል። በዶከር ቋንቋ መጋዘኑ ቮልዩም ይባላል። መልእክታችሁ፣ ፎቷችሁ፣ የዚያ ልጅ ድምፅ መጋዘኑ ውስጥ ካለ ኮንቴይነሩ አሥር ጊዜ ቢጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ይቆማል። ሰርቨራችሁ ከ2015 ጀምሮ በየጊዜው እየታደሰ እዚህ ከደረሰና የቆየው መልእክት አሁንም የሚታይ ከሆነ፣ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ታዲያ በደስታ እልል እንዳትይ! የመጋዘኑም ቁልፍ ያለው በዚያው ልጅ እጅ ነው። ኮንቴይነሩንም መጋዘኑንም አንድ ላይ የሚጠርግ ትዕዛዝ አለ፤ ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ጭማሪ ነው። የተናደደ ሰው እጅ ላይ አንድ ፊደል ምን ትከብዳለች?

ስለዚህ ከመጣላትም ከመታረቅም በፊት፣ ዛሬውኑ ድምፁን አውጪ። ኤለመንት የሚባለውን የማትሪክስ መተግበሪያ የምትጠቀሚ ከሆነ በስልክ ሳይሆን በኮምፒውተር ክፈቺው። የግሩፑን መረጃ ስትከፍቺ «ኤክስፖርት ቻት» የሚል ታገኛለሽ። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚለውን ምረጪ፤ ፎቶና ድምፅ እንዲጨመር ምልክት አድርጊ፤ የመጠን ገደቡንም ከፍ አድርጊው፤ ዝም ብለሽ ከተውሽው ትልልቁን ፋይል ይዘልለዋል። የወጣውን በሁለት ፍላሽ ያዢ፤ አንዱን ለሌላ ጓደኛችሁ ስጪ። ይህ ስርቆት አይደለም። የግሩፑ አባል ነሽ፣ ድርሻሽ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ተናደሽ ከስልክሽ ላይ «ሎግ አውት» እንዳትዪ! የተቆለፉ መልእክቶች መክፈቻ ያለው ስልክሽ ውስጥ ነው። «ሪከቨሪ ኪይ» የሚባለውን ረጅም ቁልፍ ሳትይዢ ከወጣሽ፣ ተመልሰሽ ስትገቢ አሮጌው ወሬ ሁሉ የማይነበብ ሆኖ ይጠብቅሻል።

አንብቦት ይሆን?

እውነቱን ልንገርሽ፤ መልሱ በር መቆለፉና አለመቆለፉ ላይ ነው። በማትሪክስ ላይ አንድ የወሬ ክፍል ከላኪ እስከ ተቀባይ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ከተቆለፈ መልእክትሽ ስልክሽ ላይ ይታሸጋል፣ ጓደኛሽ ስልክ ላይ ይከፈታል፤ ሰርቨሩ ላይ የሚያልፈው የታሸገ ፖስታ ነው። ባለ ሰርቨሩ ፖስታውን ያያል እንጂ ውስጡን አያነብም። ካልተቆለፈ ግን ጽሑፉ ዳታቤዙ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል፤ ሰርቨሩን የያዘ ሰው ካሻው ያነበዋል።

ኤለመንት ላይ ሁለት ሰው የሚያወራበት ክፍልና የግል ግሩፕ ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ ሲከፈት ጀምሮ እንዲቆለፍ ተደርጓል። ባለ ሰርቨሩ ግን ይህንን ሊለውጠው ስለሚችል የራስሽን ተመልከቺ። የክፍሉ መረጃ ላይ መቆለፉን ይነግርሻል። አንዴ የተቆለፈ ክፍል ተመልሶ አይከፈትም፤ ነገር ግን ከመቆለፉ በፊት የተጻፈው እንደተገለጠ ይቀራል።

ተቆልፏል ብለሽም ሁሉ ነገር ተሰወረ አትበይ። ፖስታው ላይ የሚጻፍ ነገር አለ አይደል? ማን ከማን ጋር እንዳወራ፣ በስንት ሰዓት፣ የክፍሉ ስም፣ ለመልእክት የምትሰጪው የልብና የሳቅ ምልክት፣ ከየትኛው ስልክ እንደገባሽ… ይህ ሁሉ ለባለ ሰርቨሩ ይታያል። እና ሌሊት በሰባት ሰዓት ከማን ጋር እንደምታመሺ ሊያውቅ ይችላል፤ ምን እንደተባባላችሁ ባያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስልክሽን ማን ነው ያስተካከለልሽ? ፓስዎርዱን ማን መረጠልሽ? ሪከቨሪ ኪዩን ማን «እኔ ጋ ይቀመጥ» አለሽ? በፍቅር ጊዜ «አንተ አስተካክልልኝ» ማለት ያለ ነው። እሱ ቁልፉን ይዞ ከሆነ ግን የማትሪክስ መቆለፊያ ቢራቀቅ ባይራቀቅ ዋጋ የለውም። እንግዲህ ድምፁን ካወጣሽ በኋላ ሦስት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ መተግበሪያው ላይ የገባሽባቸውን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝር አይተሽ የማታውቂውን አስወጪ። ሁለተኛ፣ ፓስዎርድሽን ቀይሪ። ሦስተኛ፣ ሪከቨሪ ኪዩን አዲስ አውጪና በወረቀት ጽፈሽ አንቺ ብቻ የምታውቂበት ቦታ አስቀምጪ። ባለ ሰርቨር የሰው ፓስዎርድ የመቀየር ሥልጣን አለውና አንድ ቀን ሳታስቢው ከሁሉም ስልክ ከወጣሽ ጠርጥሪ።

ከዚህ በፊት አንብቦ ከሆነስ? ያንን የሚመልስልሽ እሱ ብቻ ነው። ለወደፊቱ ግን የሚያምሽን ነገር ለሴት ጓደኛሽ ቡና እየጠጣችሁ ንገሪያት።

«ታዲያ ቴሌግራም ላይ ብንቀር አይሻልም ነበር?» የምትሉ አትጠፉም። ቴሌግራምም ቢሆን ተራው ቻት የሚቀመጠው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱም ለግሩፕ አይሆንም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ የሩቁ ኩባንያ ሠራተኛ አንቺ ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣሽ ግድ አይሰጠውም። የሰፈርሽ ልጅ ግን ይሰጠዋል። የራስ ሰርቨር ከባዕድ ዓይን ያድናል፤ ከሚያውቁት ሰው ዓይን ግን የሚያድነው መቆለፊያና ስምምነት ነው። የፈረንሣይ መንግሥት ለሠራተኞቹ ያዘጋጀው መልእክት መለዋወጫም ሆነ የጀርመን ጦር የሚጠቀምበት በዚሁ በማትሪክስ ላይ የተሠሩ ናቸው። ቁም ነገሩ ማን በምን ሥርዓት ይይዘዋል የሚለው ላይ ነው።

ለባለ ሰርቨሩ ልጅ

ወንድሜ፣ ይህንን ጋዜጣ ታነብ እንደሆነ አንተንም እናዋራህ። ሁሉም በቸገረው ጊዜ ቤት የሠራህላቸው አንተ ነህ፤ ምስጋና ይገባሃል። ግን የአሥራ አንድ ሰው ትዝታ ይዘህ «አጠፋዋለሁ» ማለት የደባሎችህን ዕቃ መንገድ ላይ መበተን ነው። የሞተው ልጅ ድምፅ ደግሞ ያንተም ጓደኛ ድምፅ ነው!

ሰርቨር ለምትይዙ ሌሎችም የሚበጅ ምክር እነሆ። ኮንቴይነሩን ባክአፕ አታድርጉ፤ እሱን በፈለጋችሁ ጊዜ ከኢንተርኔት ታወርዱታላችሁ። ባክአፕ የሚደረገው አራት ነገር ነው፦ ዳታቤዙ፣ ፎቶና ድምፅ ያለበት ማኅደር፣ የማስተካከያው ፋይል፣ እና ሰርቨሩ የሚፈርምበት ቁልፍ። እነዚህን ከሰርቨሩ ውጪ አኑሩ፤ በየጊዜውም ሌላ ቦታ ላይ መልሳችሁ ተክላችሁ ሞክሩት። ያልተሞከረ ባክአፕ ያልተቀመሰ ወጥ ነው።

ዳታቤዛችሁ ፖስትግሬስ ከሆነ የእትሙን ቁጥር ወስናችሁ ጻፉ፤ «የመጨረሻው» ብሎ መጻፍ አንድ ቀን ወደ ሌላ ትልቅ እትም ይዘላችሁ ይሄድና የድሮውን ዳታ አልከፍትም ይላል። ሌላው ወጥመድ ደግሞ ይህ ነው፦ ሊኑክስ ላይ ዩኤፍደብሊው በሚባለው ፋየርዎል በሩን ዘግቻለሁ ብላችሁ አትተኙ፤ ዶከር ለውጪ የከፈተው ፖርት ፋየርዎሉን አልፎ ይከፈታል። ስለዚህ የዳታቤዙን ፖርት ጭራሹን ለውጪ አትክፈቱት። አዲስ ሰው ራሱ የሚመዘገብበትንም በር ዝጉ፤ አባል የምትጨምሩት እናንተ ሁኑ።

ውል አብጁ

ለአሥራ አንዳችሁም አንድ ቃል። ማትሪክስ ላይ የአንድ ሰው አካውንት ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ተነሥቶ አይሄድም፤ ሰርቨሩ ግን ከነስሙ ወደ ሌላ ማሽን ሊዛወር ይችላል። ያ ስም ዶሜይን ይባላል፤ አንዴ ከተመረጠ አይለወጥም። ታዲያ ዶሜይኑ የተመዘገበው በማን ስም ነው? የአክስቱ ልጅ ካናዳ ሆኖ መክፈል ያቆመ ዕለት ማን ይከፍላል? ሁለተኛ ቁልፍ የያዘ ሰው አለ? እነዚህን ጥያቄዎች በቻት አትጠያየቁ። አንድ ቅዳሜ ማኪያቶ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ሁለታችሁም የምታከብሩት ጓደኛ መሀል ይግባ። ከፍቅረኛሞቹ ውጪ ሌላ ሁለተኛ ባለ ቁልፍ ይመረጥ፤ ወጪው በነፍስ ወከፍ ይዋጣ፤ ቤቱ የሚዘጋ ከሆነ ቢያንስ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ተባብላችሁ በወረቀት ጻፉት።

እህቴ፣ አንቺ እዚያ ስብሰባ ላይ ስለ ፍቅሩ አታንሺ። ስለ ቁልፉ ብቻ ተናገሪ። ልጁ ሲረጋጋ ይሰማሻል ብለን እናስባለን፤ ባይሰማም የጓደኛችሁ ድምፅ በሁለት ፍላሽ በእጅሽ አለ። ስብሰባው እንዴት እንዳለቀ ጻፊልን፤ እኛም ጓጉተናል።

ለሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!