የአቧራውና የውኃው አዳኝ

ባለፈው ወር ከተማሪዎቻችን ሁለቱ ስለ አንድ ባለ አራት ክንፍ ፍጥረት ተከራከሩ። አንደኛው ማታ በመብራት ዙሪያ ሲበር የያዘውን አምጥቶ «የውኃ ተርብ ነው» ቢል፥ ሁለተኛው «የውኃ ተርብ በቀን በወንዝ ዳር እንጂ በሌሊት መቼ ይታያል?» አለው። እኛም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ብንመለከት፥ መልካቸው በእርግጥ የሚያሳስት ሆኖ አገኘነው። የሚለያቸው በግንባራቸው ያለው ቀንድ ነው፤ የሌሊቱ ረዘም ያለና ጫፉ የወፈረ ሲሆን፥ የውኃ ተርብ ግን አጭርና እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው።

በዕጭነታቸው ዘመን ደግሞ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። የሌሊቱ ዕጭ ዝናብ በማይነካው አቧራ፥ ብዙ ጊዜም ከቤት ክፈፍ ሥር፥ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ጉድጓድ ቆፍሮ ከግርጌው ተቀብሮ ይጠብቃል። ጉንዳን ሲያልፍ ጠርዙ ይናድበታል፤ ለመውጣት ሲታገልም አሸዋ እየወረወረ ያንሸራትተዋል፤ ከዚያ በመንጋጋው ወግቶ ይመጥጠዋል። ስለዚህም ፈረንጆች «የጉንዳን አንበሳ» ብለው ሰየሙት።

የውኃ ተርብ ዕጭ ግን በኩሬና በዝግታ በሚፈስ ወንዝ ይኖራል። የታችኛው ከንፈሩ እንደ ክንድ የሚታጠፍና የሚዘረጋ በመሆኑ፥ የቢምቢ ዕጭ ሲቀርበው በቅጽበት ይመነጭቀዋል። ጠላት ሲመጣበት ውኃ ከኋላው በኃይል ረጭቶ ወደ ፊት ይስፈነጠራል። ክንፍ ካወጣ በኋላም ቢምቢን በአየር ላይ እያሳደደ ይይዛል።

ይህን ስናስረዳ አንደኛው ተማሪ፥ አባቱ ቢምቢን ለማጥፋት በአጠገባቸው ባለው ኩሬ የተባይ መርዝ ሊጨምሩ ማሰባቸውን ነገረን። እኛም እንዲህ ብለን ላክንባቸው፦ መርዙ ቢምቢውንም ዘበኛውንም አብሮ ይገድላል። ቢምቢ በሙቀት ጊዜ በሁለት ሳምንት ያህል ከዕንቁላል እስከ ክንፍ ይደርሳል፤ የውኃ ተርብ ግን ለብዙው ወገን ወራት፥ ለአንዳንዱም ዓመታት ያስፈልጉታል። እንግዲህ ሌባው ቀድሞ ይመለሳል፥ ዘበኛው ይዘገያል። ከኩሬው የሚጠጣው ከብትም ይጎዳል።

የውኃ ተርብ ብቻውን ወባን አያስቀርምና፥ በየግቢው በጣሳና በአሮጌ ጎማ የታቆረውን ውኃ ድፉ፤ ሌሊትም ከአጎበር ሥር ተኙ። ኩሬውን ግን አትመርዙት።

አባትየው ምክራችንን ተቀብለው መርዙን መተዋቸውን ልጁ በሳምንቱ ነገረን። እናንተም በዚህ በጋ ከልጆቻችሁ ጋር ከክፈፉ ሥር ቁጭ ብላችሁ የጉድጓዱን ጠርዝ በሣር ጫፍ ነካ አድርጉት፤ አሸዋው ሲወረወር ታያላችሁ።