የተለገሰ ደም 42 ቀን ይቆያል፤ የኛ ወገንተኝነትስ?

ወገን፣ ዛሬ ማንንም አንወቅስም። እስኪ ራሳችንን እንይ።

ነሐሴ 2013ን የሰሜን ጎንደር ልጅ አይረሳውም። ጦርነቱ ዳባት ደጅ ደርሶ ነበር። ጭና ተክለሃይማኖት ላይ ሰላማዊ ገበሬዎች ተገደሉ። ከአዲአርቃይ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅና ዳባት ገባ። ያኔ የኛ ሰው ስብሰባ እስኪጠራ አልጠበቀም። እናቶቻችን እንጀራ ጋገሩ፣ በሶ አዘጋጁ፤ ያለው ካለው ላይ አካፈለ።

ከዚያስ? ተኩሱ ሲርቅ እኛም ራቅን።

ምጥ ግን ጦርነት አይጠብቅም። ከጃናሞራ ወይም ከሊማሊሞ ሥር በቃሬዛ ደባርቅ የደረሰች እናት ደም ሲፈሳት፣ እዚያ ደም ከሌለ ተስፋዋ ጎንደር ነው። 100 ኪሎ ሜትር! ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። መንገድ የተዘጋ ቀንማ አስቡት።

«ሆስፒታል የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግብር ከፍለናል፣ በጀቱን እንጠይቃለን። ግን ደም በበጀት አይመረትም። ከሰው ክንድ ነው የሚገኘው። የተለገሰ ደም ደግሞ ከ35 እስከ 42 ቀን ቢቆይ ነው። በአንድ ቀን ዘመቻ መቶ ሰው ሆነን ተሰልፈን፣ ፎቶ ተነስተን ብንበተን፣ ከሁለት ወር በኋላ ያቺ እናት ስትመጣ ፍሪጁ ባዶ ነው።

እኔ ዲግሪ ይዤ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ፤ ብዙዎቻችሁም እንደኔ ናችሁ። ብር የለንም። ግን 18 ዓመት የሞላው፣ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይችላል። በየቀበሌው ተመዝግበን፣ በሦስት ዙር ተከፋፍለን፣ ዝርዝሩን ይዘን የደም ባንክ ቡድን እንዲመጣልን እንጠይቅ። አንዱ ወር የአንዱ ዙር፣ ቀጣዩ የሌላው። ከዚያ የሦስተኛው፤ አራተኛው ወር ላይ ተራው ተመልሶ ለመጀመሪያው ይደርሳል።

ገንዘብ ያለውም በእድር ወግ ያዋጣ። እድራችን ለቀብር በየወሩ ሲሰበስብ ማን ያማል? ሰብሳቢ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መዝገብ አለው። ለሕያውም እንደዚያ እናድርግ። አካውንቲንግ የተማራችሁ ሥራ ፈት አትሁኑ፤ መዝገቡን ያዙ፣ ደረሰኙን በየወሩ ለሕዝብ አሳዩ። መዝገብ የሌለው መዋጮ ሁለተኛ አይሰበሰብም።

ውጭ ያላችሁ ወንድም እህቶች፣ ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ሆስፒታሉን «ምን ጎደላችሁ?» በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለገስ መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ይቅረው ይላል። ሊያልፍበት ሁለት ወር የቀረው መድኃኒት፣ መለዋወጫና ባለሙያ የሌለው ማሽን መጋዘን ያጣብባል እንጂ ሰው አያድንም።

«ሕዝቤ፣ ሕዝቤ» እንላለን። ሕዝባችን ማለት እኮ ያቺ በቃሬዛ የመጣችው እናት ናት። አማራነታችን ካለ፣ ካሜራ በሌለበት ማክሰኞ ጠዋት ክንዳችንን ዘርግተን እናሳይ።

የደም ዓይነትህን ታውቃለህ? አንቺስ? ካላወቃችሁ፣ ከዚያ እንጀምር።