የአንዶቨር አጥንት

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይባላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1834 ያወጣችው የድሆች ሕግ ግን የተራበውን እያየ የተጻፈ ነው። ችግረኛው እርዳታ ፍለጋ እንዳይመጣ፣ በድሆች ማደሪያው ያለው ኑሮ በውጪ ካለው የቀን ሠራተኛ ኑሮ የከፋ እንዲሆን ታቀደ፤ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ ተለየ።

በ1845 በሃምፕሽየር አውራጃ፣ በአንዶቨር፣ ለማዳበሪያ አጥንት እንዲወቅጡ የታዘዙ ረሃብተኞች መቅኒውን ለመምጠጥ ሲሻሙ መገኘታቸው ተጋለጠ። ፓርላማው ጉዳዩን መረመረ፤ ከራሽኑ ይቀንስ የነበረው ኃላፊ ሥራውን ለቀቀ፤ በ1847ም የበላይ ኮሚሽኑ ፈረሰ። ማደሪያዎቹ ግን አልፈረሱም።

ጥፋቱን በአንድ ኃላፊ ላይ ማላከክ አይበቃም። ቦርዱን የሚመርጡት ግብር ከፋዮች ነበሩ፤ ድሃው ድምፅ አልነበረውም። አስተዳደር የሚመዘነው ባበላው ሰው ሳይሆን በቆጠበው ሳንቲም ከሆነ፣ ከድሃ አፍ የሚነጥቅ አይጠፋም።