ፓምፕ ፋን አይደለም!

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ረዘም ቢልባችሁ ታገሡኝ። ቅር የሚለው የፒሲ ገጣጣሚ ካለ ኮመንት ላይ ይምጣና እንነጋገር። እኔም የዚሁ ሙያ ሰው ነኝ፣ ከውጭ ሆኜ አይደለም የማወራው።

አንድ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር ኮምፒውተሩን ታክሲ ውስጥ አቅፎ አመጣልኝ። ወሩ ጥር ነው። ጥር ለኤዲተር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። አራት ሰርግ ተደርድሮ ይጠብቀዋል፣ ቀብድ ተቀብሏል፣ ቀብዱንም በልቶታል። ማሽኑ ግን ቪዲዮ ኤክስፖርት ማድረግ ሲጀምር ይንቀራፈፋል፣ ሲብስበት ደግሞ ድርግም ይላል። የሲፒዩው ሙቀት 100 ዲግሪ! ለብዙዎቹ የኢንቴል ዴስክቶፕ ሲፒዩዎች ይሄ ጣሪያው ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል።

የገዛበት ሱቅ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። መጀመሪያ «ፔስቱ ደርቋል» ተብሎ ተቀየረለት፣ ከፈለ። ቀጥሎ «ዊንዶውሱ ነው» ተብሎ ፎርማት ተደረገለት፣ ከፈለ። በሦስተኛው «ሲፒዩው ተመትቷል፣ አዲስ ግዛ» አሉት። ይሄ አልበቃ ብሏቸው ምን ቢጨምሩ ጥሩ ነው? «ድሮም ሊኩዊድ ኩለር ለእኛ አገር አይሆንም።»

የኬዙን ጎን ከፍቼ አስነሳሁት። ራዲያተሩን በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው። ሲፒዩው እየነደደ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው አልዞረም ማለት ነው፣ በቃ። ፋኖቹ ይዞራሉ፣ የፓምፑ ላይት እንደ ቀስተ ደመና ይቀያየራል፣ ፓምፑ ግን ቆሟል። ሽቦውን ተከትዬ ሄድኩ። ፓምፑና ሁለቱ የራዲያተር ፋኖች በአንድ ስፕሊተር ተቀጥለው «ሲፒዩ ፋን» የሚለው መሰኪያ ላይ ተሰክተዋል። ባዮስ ገባሁ። መሰኪያው ዲሲ ሞድ ላይ ነው፣ ፍጥነቱ ደግሞ 50 ከመቶ ላይ ተቸንክሯል። ሙቀቱ የትም ቢደርስ ንቅንቅ አይልም። ልጁን ስጠይቀው «እንደገዛሁት አካባቢ ይጮህ ነበር፣ ድምፁን ቀንሱልኝ ብያቸው ነው» አለኝ። ቀነሱለታ!

በዲሲ ሞድ 50 ከመቶ ማለት ከ12 ቮልት 6 ቮልት ብቻ ማለት ነው። ፋኖቹ በ6 ቮልት ቀስ እያሉ ዞሩ። ያ ፓምፕ ግን በ6 ቮልት መነሳት አልቻለም። ነቅዬ ለብቻው «ኤአይኦ ፓምፕ» የሚለው መሰኪያ ላይ ሰካሁትና ሙሉ 12 ቮልት ሰጠሁት፤ ተነሳ። መሰኪያው እኮ እዚያው ቦርድ ላይ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ባዶውን ተቀምጦ ነበር። ኤክስፖርቱን አስጀመርነው፤ ሙቀቱ 70ዎቹ ውስጥ ቆመ። «ተመትቷል» የተባለው ሲፒዩ ነው እንግዲህ ይሄ።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ቮልቱ አይደለም፣ ሦስተኛዋ ሽቦ ናት።

ባለ 4 ፒን መሰኪያ ላይ አንደኛው ግራውንድ ነው፣ ሁለተኛው 12 ቮልት፣ ሦስተኛው ሞተሩ ስንት ዙር እየዞረ እንደሆነ ለቦርዱ የሚነግር፣ አራተኛው ደግሞ ፍጥነቱን የሚያዝ፣ ፒደብሊውኤም የሚባለው። ባለ 3 ፒኑ አራተኛው ስለሌለው ቦርዱ ሊቆጣጠረው የሚችለው ቮልቱን በመቀነስ ብቻ ነው፤ ዲሲ ሞድ የምንለው እሱ ነው። አሁን ስፕሊተር ስትቀጥሉ የሁለት ሞተር ወሬ በአንድ ሽቦ መሄድ ስለማይችል፣ በደንብ የተሠራ ስፕሊተር የአንዱን ብቻ ያሳልፋል። የሌሎቹ ሦስተኛ ፒን ባዶ ነው። በዚህ ልጅ ማሽን የሚያልፈው የፋኑ ነበር። ቦርዱ «ፓምፕ፣ ደህና ነህ?» ብሎ ሲጣራ «አቤት፣ ደህና ነኝ» የሚለው ፋኑ ነው! ባዮሱም ቁጥሩን አይቶ ምንም ችግር የለም ብሎ ይተኛል። ሦስት ጊዜ ሱቅ ሲመላለስ አንድም ማስጠንቀቂያ ያላየው ለዚህ ነው። ፓምፑ ለብቻው ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ባዮስ የከፈተ ሰው 0 አርፒኤም የሚል ያነብ ነበር። «ሲፒዩ ፋን» ላይ ብቻውን ቢሆን ደግሞ ብዙ ቦርድ ገና ሲነሳ የፋን ስህተት ብሎ ቀጥ ይላል።

ላይቱንም አትመኑት። ላይቱ የሚበራው በሌላ ሽቦ ነው፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ፓምፑ ሞቶ ላይቱ ሲጨፍር አይቻለሁ። (በነገራችን ላይ ባለ 5 ቮልቱን ላይት 12 ቮልት ላይ ሰክተው የሚያቃጥሉም አሉ፤ የእሱን ሌላ ቀን።)

አሁን የሚመጣብኝን መልስ ስለማውቀው ልቅደም።

«ማኑዋሉ ራሱ ፓምፑን ሲፒዩ ፋን ላይ ሰካ ይላል» የሚል አለ። እውነት ነው፣ አንዳንዱ እንዲያ ይላል። ምክንያቱም ያልኳችሁ ነው፤ ፓምፑ ከቆመ ቦርዱ እንዲጮህ። ግን ማኑዋሉ ሰካና ተወው አይልም፣ ከፋን ጋር በስፕሊተር ቀጥልም አይልም። እዚያ ከሰካችሁት ባዮስ ገብታችሁ ያንን መሰኪያ ፉል ስፒድ ማድረግ አለባችሁ። እኔ የማልወደው ለአንድ ምክንያት ነው። የብዙ ቦርድ «ሲፒዩ ፋን» ሲወለድ ጀምሮ በሙቀት ከፍ ዝቅ እንዲል ነው የተደረገው፣ «ኤአይኦ ፓምፕ» ግን ሲወለድ ጀምሮ ፉል ነው። የቦርዱ ባትሪ ሲያልቅና መብራት ሲሄድ፣ ወይም አንድ ሰው ባዮሱን አፕዴት ሲያደርግ ያስተካከላችሁት ሁሉ ይጠፋል። መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድብን እኔ አልነግራችሁም። በትክክለኛው ቦታ የተሰካ ሽቦ ግን ባትሪ አለቀ አላለቀ ቦታው ላይ ነው።

«ፉል ሲሆን ይጮሃል» የሚለውም ግማሽ እውነት አለው። ሲዝ የሚል ፓምፕ አለ። ባለ 4 ፒን ከሆነ 80 ከመቶ ላይ አስራችሁ ተዉት፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ምንም አይሆንም። በዲሲ ሞድ ግን አትንኩት። ደግሞ በተነሳ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የማይጠፋ የመንቦራጨቅ ድምፅ ካለ ያ ፍጥነት ሳይሆን አየር ነው። አየር ሁልጊዜ ወደ ከፍታ ስለሚሄድ የራዲያተሩ አንድ ጫፍ ከፓምፑ በላይ መሆን አለበት። ራዲያተሩን ኬዙ ታች ገጥሞ ፓምፑን ጫፍ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ካያችሁ ማሽናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ለመሆኑ መጀመሪያ ልጁን ያማረረው ጩኸት የማን ነበር? የፋኑ ነው። ሲፒዩ እኮ ሙቀቱ በአንድ ሴኮንድ ከ45 ወደ 75 ይዘላል፣ አንድ ፕሮግራም ስትከፍቱ ብቻ። ውሃው ግን እንደዚያ አይደለም፤ ለመሞቅ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ፋኑ የሲፒዩውን ሙቀት እየተከተለ በየሴኮንዱ ሲነሳና ሲተኛ ዋይ ዋይ ይላል፣ ውሃውን ግን ምንም አልጠቀመውም። መፍትሔው ባዮስ ውስጥ ፋኑ ከመነሳቱ በፊት ጥቂት ሴኮንድ እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ሴቲንግ መጨመር ነው፤ ብዙ ቦርድ አለው። ወይም ኩለሩ የውሃ ሙቀት መለኪያ ካለው ፋኑን በእሱ ማዘዝ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት። እነሱ ግን ፋኑ ጮኸ ብለው ፓምፑን አነቁት።

ወደ «ለእኛ አገር አይሆንም» ልምጣ። ይቺ አባባል ስንፍና የተሸፈነባት ነጠላ ናት። አዎ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ 20 ከመቶ የሚሆን የሳሳ ነው። አንድ ፋን በተመሳሳይ ዙር የሚገፋው አየር እዚህ ይቀልላል፣ የሚወስደውም ሙቀት ያንሳል። ግን ይሄ የአየር ኩለሩንም ይመለከታል! እሱም የሚተነፍሰው ይህንኑ አየር ነው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ሊኩዊድ አትግዙ ሳይሆን፣ ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ዩቲዩብ ላይ ያሳየውን የፋን ከርቭ እንዳለ አትገልብጡ ነው። እኔ እዚህ ስገጥም እስከ 50 ዲግሪ 40 ከመቶ፣ 70 ዲግሪ ላይ 70 ከመቶ፣ 80 ላይ ፉል አደርገዋለሁ። ከነሱ ትንሽ ቀደም ይላል፣ ያው የአየሩን ማካካሻ ነው።

እንግዲህ የሚሰካው እንዲህ ነው። ፓምፑ ለብቻው «ኤአይኦ ፓምፕ» ላይ፣ ፉል። የራዲያተሩ ፋኖች በስፕሊተር «ሲፒዩ ፋን» ላይ፤ ስፕሊተር ለነሱ ነው የተፈጠረው። እንዲህ ሲሆን «ሲፒዩ ፋን» ባዶ ስለማይሆን ቦርዱም ሲነሳ አይነጫነጭም። ብዙ ጊዜ አንድ የፋን መሰኪያ የሚችለው 1 አምፔር ነው፤ ፋኖቹ ጎን ላይ የተጻፈውን አምፔር ደምሩና ከዚያ ካለፈ በቀጥታ ከፓወር ሳፕላይ የሚጎርስ ሃብ ግዙ። «ሲፒዩ ኦፕት» የሚለውን ለፓምፕ አትጠቀሙበት፤ ብዙ ቦርድ ላይ የ«ሲፒዩ ፋን»ን ፍጥነት ነው የሚከተለው። ፓምፑ ኃይሉን በሳታ ሶኬት ከፓወር ሳፕላይ፣ ትዕዛዙን በዩኤስቢ የሚያገኝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ ወደ ቦርዱ የምትመጣዋ ቀጭን ሽቦ ዙሩን ለመንገር ብቻ ናት። እሷን ሳይሰኩ የሚተዉ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ስኳት።

ገዢ ለሆናችሁ ደግሞ፦ ሱቁ ውስጥ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት «ባዮስ ክፈቱና የፓምፑን አርፒኤም አሳዩኝ» በሉ። የላይቱን ሳይሆን፣ የፋኑንም ሳይሆን፣ የፓምፑን። ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። ማሳየት ካልቻሉ ወይም «እሱ አይታይም» ካሉ ሽቦው የት እንደሄደ ፎቶ አንሱና እዚህ ላኩልኝ፣ በነፃ አያለሁ።

ኤዲተሩ ከአራቱ ሰርግ ሦስቱን አድርሷል። አራተኛው ቤተሰብ ቀብዱን አስመልሶ ለሌላ ሰው ሰጥቷል። ለፔስቱና ለፎርማቱ የከፈለውን ሊጠይቅ የሽቦውን ፎቶ ይዞ ሱቁ ሄዶ ነበር። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ታዲያ ድምፁን ቀንሱልኝ ያልከው አንተ አይደለህ?»